ኦቦ ቢሻን የተሸከመው ድንጋይ

ባለፈው ሰሞን ቡራዩ ታክሲ ተራው አጠገብ፣ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ገና ሳይጠነክር፣ ሁለት ጎረምሶች አየሁ። ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል፣ ደረታቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ጥቁር ነገር ለጥፈዋል፤ ጫማቸው ግን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። አንዱ ፈረንጅ ነው፣ አንዱ ከኡጋንዳ የመጣ ጥቁር ልጅ። ጥጉ ላይ ቡናና ዳቦ የምትሸጠው አስካለ እንግዳ ስታይ ዝም ማለት አትችልም። «ኑ ቁጭ በሉ፣ አንድ አንድ ስኒ ቅመሱ፣ ለእንግዳ በነፃ ነው» አለቻቸው። ልጆቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እናመሰግናለን፣ ቡና አንጠጣም» አሏት። «ሻይስ?» «ሻይም አንጠጣም።» «ውይ በሞትኩት! ታዲያ በምን ትኖራላችሁ?» አለች፤ በዙሪያዋ የተቀመጡት የባጃጅ ልጆች ሳቁ። እኔ ዱላዬን ተደግፌ ቆሜ ነበር። «አስካለ፣ ተያቸው። ውሃ ስጫቸው» አልኳት። «አባባ ታደሰ፣ እርስዎ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የፈረንጅ ጠበቃ የሆኑት?» «አንቺ ሳትወለጂ።»

ፈረንጁ ልጅ በተሰባበረ አማርኛ «እኛን እንዴት አወቁን?» አለኝ። ቆመው የሚያወሩት ነገር አይደለም። «ጊዜ ካላችሁ ተከተሉኝ፣ የማሳያችሁ ነገር አለ» ብዬ ወደ ላይኛው መንደር መንገድ ጀመርኩ። እነሱ ከኋላ ናቸው፣ እኔ ከፊት። እግሬ በኮብልስቶኑ ላይ ይሄዳል፣ ልቤ ግን ሌላ ቡራዩ ውስጥ ነበር።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ዳዊት ጀምሬ አልጨረስኩም፣ ይህንንም የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፤ የተሳሳተ ፊደል ያገኘ አንባቢ ይለፈኝ። ያን ጊዜ ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ናቸው። ቡራዩ የሚባለው ከአምቦ መንገድ ግራና ቀኝ የተበተነ የሣር ቤት፣ ጥቂት ቆርቆሮ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ እርሻና የግጦሽ መስክ ነው። ከመርካቶ እዚህ በአውቶቡስ ስሙኒ ነበር፤ ስሙኒ የሌለው በእግሩ ይሄዳል፣ የሚያፍርም የለም። ደህና በግ በስድስት ብር ይገዛል፤ ሻጩ ብሩን ተቀብሎ መርቆህ ይሄዳል። ወንዱ ካኪ ሱሪና በላዩ ጋቢ፣ እግሩ ላይ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ። ቅዳሜ የገፈርሳ ውሃ ዳር ሰው ልብሱን አጥቦ ሣር ላይ ሲያሰጣ ከሩቅ ያየው ሰው መስኩ በረዶ የጣለበት ይመስለዋል። ከጠጅ ቤቱ የማሲንቆ ድምፅ ይመጣል፤ አንዱ በአማርኛ ሲያወርድ ሌላው በኦሮምኛ ይቀበላል፣ ማንም ይህ የማን ቋንቋ ነው አይልም። ዛሬ እዚያ ጠጅ ቤት ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ቆሟል፤ ከታች የሞባይል መለዋወጫ ይሸጡበታል።

ፈረንጁ የመጣው ያኔ ነው። ሚስተር ዌልደን ይባላል፣ አሜሪካዊ ነው፣ መንግሥት ምንጭ እንዲያጎለብትና ጉድጓድ እንዲያስቆፍር ያስመጣው። ሚስቱ ማርታ፣ ከአራት ልጆች ጋር። ጓደኞቹ ሁሉ አዲስ አበባ ውስጥ ቪላ ሲከራዩ እሱ «ውሃው ያለበት ቦታ እኖራለሁ» ብሎ እዚህ ኮረብታው ላይ አንድ ቆርቆሮ ቤት ተከራየ። እኔ ዘበኛና አትክልተኛ ሆኜ ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን «ጌታዬ» ስለው «ጌታ አትበለኝ፣ ወንድም በለኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር አልወድም ነበር፤ ደመወዝ የሚከፍል ሰው ወንድም ሲል ደመወዙን ሊያስቀር ነው ብዬ ነበር የማስበው። እሱ ግን ወሩ ሲያልቅ አንድ ቀን አያሳልፍም።

ሃይማኖታቸው እንደነዚህ ሁለት ጎረምሶች ሞርሞን ይባላል። ስሙን ለመያዝ ራሱ ተቸግሬያለሁ። አገሩ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ስለሌላቸው እሑድ እሑድ ሳሎናቸው ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ አባትየው ዳቦ ይቆርሳል፣ ውሃ በትንንሽ ብርጭቆ ይቀዳል፣ ይባርካል፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። ወይን የለም፣ ውሃ ነው። ጠጅ፣ ጠላ፣ አረቄ፣ ቡና፣ ሻይ፣ ሲጋራ የሚባል በዚያ በር አይገባም። ባለቤቴ ብርቄ ይህን ስነግራት «ታዲያ ሰው ሲመጣባቸው ምን ያቀርቡለታል?» ነበር ያለችው። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ይጾማሉ፤ የዚያን ቀን ሊበሉት የነበረውን ማርታ በዘንቢል ታስይዘኝና ከምንጩ በታች ለሚኖሩ አንዲት ዓይነ ስውር ባልቴት አደርሳለሁ። ባልቴቷ ይመርቃሉ፣ «የማን ጾም ነው ዛሬ ያበላኝ?» እያሉ ይስቃሉ። ቅዳሜ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ዝግ ነው ብሎ አይቀመጥም፤ ጣሪያው ያፈሰሰበት ሰው ቤት ላይ ወጥቶ ታገኘዋለህ። የመንደሩ ሰው ኦቦ ቢሻን አለው። በኦሮምኛ ኦቦ አቶ ነው፣ ቢሻን ውሃ ነው። ውሃ ይፈልጋል፣ ውሃ ያወጣል፣ ውሃ ይጠጣል፤ ሌላ ምን ይባል?

ሰኞ ማታ ግን የሚያስቀው ነገር ነበር። ሰኞ ማታ የልጆቹ ነው። ፋኖሱ ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ ይዘምራሉ፣ ከመጽሐፋቸው ያነባሉ፣ ትንሿ ልጅ እንኳ ተነስታ ትናገራለች፣ አባትየው ዝም ብሎ ይሰማታል። አንድ ሰኞ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ትልቅ ሰው በጥቁር መኪና መጥቶ በሩን አስመታ።

«ዛሬ አይገኝም ጌታዬ፣ ሰኞ ነው» አልኩት።

«መብራቱ በርቷል እኮ! ቤት የለም?»

«አለ።»

«ታመመ?»

«ደህና ነው። ከልጆቹ ጋር እየዘመረ ነው።»

ሰውየው ከመኪናው ወረደ። «ከልጆቹ ጋር? ሚኒስትሩ ቢጠሩትስ?»

«ሚኒስትሩም ማክሰኞ ይምጡ» አልኩት። ይህችን ኦቦ ቢሻን አላለም፣ ከራሴ ነው የጨመርኳት። ሰውየው ሰደበኝና ሄደ። እኔ ግን በር ላይ ቆሜ ሳስበው አባቴ በሕይወቱ አንድ ቀን አስቀምጦ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎኝ አያውቅም። እኔም ልጆቼን ብዬ አላውቅም ነበር። በሳምንቱ ብርቄን «ሰኞ ማታ ልጆቹን ሰብስቢያቸው» አልኳት። «ምን ሊሆን ነው፣ ሰው ሞተ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ አልተውኩም፤ ብርቄ ካረፈች ወዲህም አልተውኩም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ከኮረብታው ማዶ ያለው መስክ በሙሉ የኦቦ ዋቅጅራ ነበር። ኦቦ ዋቅጅራ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ጥቁር ካባ፣ ነጭ ጺም፣ ለምድ ያለበሷት በቅሎ። ነገር የሚፈርደው፣ የተጣላ የሚያስታርቀው እሳቸው ናቸው። ከመስኩ ሥር ያለው ምንጭ ድሮ ከብትና ሰው አብሮ የሚጠጣው ጭቃ ነበር፤ ኦቦ ቢሻን በጥርብ ድንጋይ አስገነባው፣ ቧንቧ አወጣለት፣ ለከብቱ ለብቻው ገንዳ አደረገ። ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ራሱ ሲሚንቶ አቡክቶ። ሲያልቅ ኦቦ ዋቅጅራ በሬ ጥለው ድግስ ደገሱ። የመንደሩ ሰው ሁሉ መጣ። ኦቦ ዋቅጅራ በዓመት አንዴ የምትወጣውን የቀንድ ዋንጫቸውን ጠጅ ሞልተው፣ ተነስተው በገዛ እጃቸው ለፈረንጁ ሰጡ።

«ሚስተር፣ ይህ የቤቴ ጠጅ ነው፣ በእኔ እጅ የተሰጠ ነው። ጠጣ።»

ኦቦ ቢሻን አማርኛው አንቱን አያውቅም። «አንተ በጣም ጥሩ ሽማግሌ ነህ» አላቸው። ሰው ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። «ግን እኔ ጠጅ አልጠጣም። እግዚአብሔር ከልክሎኛል።»

ሳቁ ቆመ። «ይሁን፣ ይሁን። ቡና አምጡለት!»

«ቡናም አልጠጣም።»

«ሻይ አፍሉለት!»

«ሻይም።»

እኔ ከኋላው ኮቱን ጎተትኩት። «ከንፈርህን አስነካና መልሰው፣ ማንም አያይህም» አልኩት። ዞሮ አየኝ። «ይህማ ውሸት ነው ታደሰ» አለኝ። እኔ ግትር ነኝ ይሉኛል፤ እንዲህ ያለ ግትር ግን አላየሁም።

ዛሬ የሚያነብ ሰው «ለምን ውሃ አልሰጡትም?» ይል ይሆናል። የክብር እንግዳ ጠርተህ፣ በሬ ጥለህ፣ ውሃ ታቀርባለህ? ውሃ ለመንገደኛ ነው። ማንም አላሰበውም፤ እኔም አላሰብኩትም። ኦቦ ዋቅጅራ ዋንጫውን መሬት ላይ ደፉት። «ጠላቴ እንኳ ቤቴ ሲመጣ አቀምሰዋለሁ፣ ጠላቴም ይቀምሳል» አሉ። «ይህ ግን ፊቴን መታኝ። ከዛሬ ጀምሮ ከዋንጫዬ ያልጠጣ ሰው መሬቴን አይረግጥም። ባስረግጠው ዋቃዮ ዘሬን አያብዛው!»

ያኔ መሐላ እንደ አሁን የአፍ ማሟሻ አልነበረም። ኦቦ ዋቅጅራ ማሉ፣ አለቀ። ኦቦ ቢሻንም መሐላውን አከበረ፤ የሠራውን ምንጭ ሊያይ ሲሄድ መስኩን በአቋራጭ ከመሻገር በመንገዱ ዞሮ ጭቃ ለጭቃ ይሄዳል። ሸንጎው፣ ልቅሶው፣ ሠርጉ ሁሉ እዚያ ሜዳ ላይ ነው የሚሆነው፤ እሱ የለም። ልጆቹ ከኦቦ ዋቅጅራ የልጅ ልጆች ጋር ኳስ ይጫወቱ ነበር፣ ቀረ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ማርታ ወለደች፤ ወንድ ልጅ። ሳሙኤል አሉት። አባትየው ልጁን በእጁ ይዞ ባረከው፣ ስሙን ጠራ። ልጁ ግን ትንፋሹ ከመጀመሪያውም ደካማ ነበር፤ ዶክተር መጣ፣ ወደ ከተማም ተወሰደ፣ ተመለሰ፤ አንድ ጠዋት እናቱ እቅፍ ውስጥ አረፈ። ማርታ ራሷ ከአልጋ መነሳት አልቻለችም። መሥሪያ ቤቱ መኪና ላከ፣ የፈረንጆች መቃብር አዲስ አበባ አለ፣ እዚያ ይቀበር ተባለ። ማርታ እምቢ አለች። ወደ መስኮቱ አመለከተች። ከመስኮቷ ማዶ የኦቦ ዋቅጅራ መስክ ላይ አንድ ትልቅ ወይራ ይታያል። «ታዴ፣ እዚያ» አለችኝ። «ሳልቀብረው ሊወስዱት ነው። እዚያ ከሆነ አየዋለሁ።» ታዴ የምትለኝ እሷ ብቻ ነበረች።

መጀመሪያ መምሬ ዘንድ ሄድኩ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርም ከመስኮቱ ይታያልና። መምሬ አዘኑ። «ልጁ ተጠምቋል?» አሉኝ። «እነሱ የሚያጠምቁት ስምንት ዓመት ሲሞላ ነው፣ ሕፃን ኃጢአት የለበትም ይላሉ» አልኳቸው። «እኔም ኃጢአት አለበት አላልኩም ልጄ። ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም እንጂ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። የቀረው ወይራው ነው። ወይራው ደግሞ በመሐላ ታጥሯል።

ኦቦ ቢሻን ጓሮ ቆሞ ነበር፣ ትንሿን ሣጥን ራሱ ሠርቶ ጨርሶ። «ሰውየው ምሏል። የሰው መሐላ አላፈርስም» አለኝ።

«ማፍረስ አይደለም፣ መታረቅ ነው» አልኩት። «እዚህ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይሄዳል። በድያለሁ ማለት ነው።»

«ምን ያህል ድንጋይ?»

«የምትችለውን» አልኩት።

ለወጉ እኮ ነው። ሰው ጡጫ የምታህል፣ ቢበዛ ዳቦ የምታህል ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ጣል አድርጎ ጎንበስ ይላል፣ ሽማግሌ አውርድ ይለዋል። ይህን የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም። ጋቢዬን ላመጣ ጓዳ ገብቼ ስወጣ የለም። ምንጩ ጋ ደረስኩ። ከግንባታው የተረፉት ጥርብ ድንጋዮች ተከምረዋል፤ ከእነሱ ትልቁን መርጦ፣ የእሑድ ጥቁር ኮቱን እንደለበሰ፣ ማጅራቱ ላይ ጭኖ ጎብጦ ዳገቱን ይዞታል።

«ምነው ወንድሜ! ጣለው! ትንሽ ይበቃል!»

«የምትችለውን አልከኝ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ የሚናገርበት ትንፋሽ አልነበረውም።

ሰው ከየቤቱ ወጣ። የሚያርሰው ሞፈሩን ጣለ። ልያዝልህ ቢሉት እምቢ አለ። የኦቦ ዋቅጅራ ድንበር ላይ ሲደርስ ቆመ። አልረገጠም። ከቅንጭቡ አጥር በዚህ በኩል ድንጋዩን እንደተሸከመ ቆመ። እኔ ሮጬ ገባሁ፤ ኦቦ ዋቅጅራ ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል።

«ማነው እሱ?» አሉኝ፤ ዓይናቸው ደክሟል።

«ኦቦ ቢሻን ነው። ልጁ ሞቶበታል። ድንጋይ ተሸክሞ እርቅ ሊለምን መጥቷል።»

«ታዲያ ምን ይገትረዋል?»

«ምለዋል እኮ አንቱ።»

«ይቁም እንግዲህ» አሉ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ግን ወጥተው አዩና ጮኹ፤ «አንቱ ሰውዬ! ተነስተው ድንጋዩን ይዩት! ሰውየው ሊሞት ነው!»

ኦቦ ዋቅጅራ ተነሱ። ጥቂት ተራመዱና ድንጋዩ ታያቸው። «ይህን ግድግዳ ማን አሸከመው?» አሉ። ዱላቸውን ጣሉ። ያን ሁሉ ዓመት የማውቃቸው ሽማግሌ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ሮጡ። በገዛ እጃቸው ድንጋዩን ያዙ፣ ሦስት ጎልማሶች አግዘው አወረዱት። የነጭ ሸሚዙ ኮሌታ ደም ነበር። ኦቦ ቢሻን ቀና ማለት አቃተው፤ እንደጎበጠ «ኦቦ ዋቅጅራ፣ በድዬዎታለሁ» አለ። «ልጄን የማሳርፍበት ቦታ ይስጡኝ።» አንቱን ከየት እንደተማረው እንጃ። ያን ቀን የሳቀ የለም።

ኦቦ ዋቅጅራ አለቀሱ። ግን መሐላው አለ። ሰው ሁሉ ፊታቸውን ያያል። «ዋንጫዬን አምጪ» አሉ። እኔ ፈራሁ፤ እንደገና ሊጀመር ነው፣ ይህ ሰው እምቢ ይላል፣ ልጁም መሬት ያጣል ብዬ። አዴ ጫልቱ ዋንጫዋን ይዘው ሲወጡ ኦቦ ዋቅጅራ ተቀበሏቸውና ወደ ጠጁ ጋን ሳይሆን ቁልቁል ወደ ምንጩ ወረዱ። ከቧንቧው አለቀለቁ፣ ቀዱ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። «ዱጊ፣ ጠጣ» አሉት። «ዋንጫው የእኔ ነው። ውሃው ያንተ ነው።»

ኦቦ ቢሻን ዋንጫው ውስጥ አየ። ከዚያ ጠጣ። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ ዛሬም ይታየኛል። ኦቦ ዋቅጅራ ከእጁ ተቀብለው የተረፈውን ጠጡ። «ኮቱ፣ ና ልጄ፣ ግባ» ብለው እጁን ይዘው ድንበሩን አሻገሩት።

ከሰዓት በኋላ ሳሙኤልን ወይራው ሥር ቀበርነው። እድርተኛው ቆፈረ፣ ኦቦ ዋቅጅራ ራሳቸው አፈር መለሱ። መምሬ ከመንገዱ ዳር ቆባቸውን አውልቀው እስኪያልቅ ቆሙ። ኦቦ ቢሻን መሬቱን ባረከ፣ ልጆቹ ዘመሩ፣ ማልቀስ አልቻሉም ወይም ወጋቸው አይደለም። የእኛ ሴቶች ግን እናትየው ከአልጋዋ ሆና በመስኮት እንደምታይ አውቀው ወደ ቤቷ ሄዱና አልጋዋ ዙሪያ ቁጭ ብለው አለቀሱላት። ብርቄ እንደነገረችኝ ማርታ የዚያን ጊዜ ነው ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው። ያን ድንጋይ መቃብሩ ላይ አቆምነው። ማታ በር ላይ ኦቦ ቢሻን «ታደሰ፣ ልጄ ጠፋ አይባልም። ቤተሰብ በሞት አይፈርስም፤ እንገናኛለን» አለኝ። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፣ በዚያው እሞታለሁ። ግን «አሜን» አልኩት፤ ምን ይባላል ሌላ?

ሥራው ሲያልቅ ሄዱ። ያን ጠዋት ማርታ ወይራው ሥር ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ «ታዴ፣ ዘበኛ ነህ አይደል? ጠብቅልኝ» አለችኝ። ደመወዜ ቆመ፣ ዘበኝነቴ ግን አልቆመም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ማን ይቆጥረዋል። መንግሥት ሄደ፣ መንግሥት መጣ፣ መሬቱ ከኦቦ ዋቅጅራ ልጆች እጅ ወጣ፣ ወይራው ተቆረጠ፣ መስኩ በቤት ተሞላ። በቀደም ዓመታት አንድ ባለ ቪላ አጥር ሲያሠራ መሐንዲሱ ካርታውን ዘርግቶ «አባባ፣ እዚህ መቃብር የሚባል ነገር ካርታው ላይ የለም» አለኝ። «መሬቱ ላይ አለ» አልኩት። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ለምሳ ሄዶ ሲመለስ እዚያው ነኝ፤ በማግስቱ ሲመጣም እዚያው ነኝ። መጨረሻ ላይ ባለቤቱ ሲመጣ ታሪኩን ነገርኩት፤ ራሱን ነቅንቆ አጥሩን አጠማዞ አሳለፈው። ያቺ የአጥር ጥምዝ አላፊ አግዳሚው የግንበኛ ስሕተት ትመስለዋለች።

ሁለቱን ጎረምሶች ያመጣኋቸው እዚያ ነው። ነገርኳቸው። ፈረንጁ ልጅ አንገቱን ደፋ፣ ሁለቱም ጸለዩ፣ እኔም ቆቤን አወለቅሁ። የኡጋንዳው ልጅ ጠንካራ ነው፣ የገጠር ልጅ ነኝ ብሎኛል፤ ጎንበስ ብሎ የድንጋዩን ጠርዝ ሊያነሳ ሞከረ። ንቅንቅ አላለም።

«ይህን አንድ ሰው ነው የተሸከመው?» አለኝ።

«አንድ ሰው። ትንሽ ይበቃ ነበር» አልኩት።

ፀሐይዋ ወደ አምቦ መንገድ አዘቅዝቃለች። ቀኑ ሰኞ ነበር። «በሉ ልጆች፣ እናንተ ቆዩ። እኔን ልጆቼ ቤት ይጠብቁኛል» ብዬ ወረድኩ።